«ዊንተር» የተጻፈበት ዋይፐር ለእኛ ክረምት አይሆንም፦ ባሕር ዳር ላይ የዝናብ መጥረጊያ ሲመረጥ

ግንቦት ሊያልቅ ሲል በባሕር ዳር መለዋወጫ ሱቆች አንድ ዓይነት ንግግር ይደጋገማል።

«ወንድሜ፣ ለክረምት የሚሆን ዋይፐር አለህ?»

«ሞልቶ ጋሼ! ይኸው፣ ካርቶኑ ላይ ራሱ ዊንተር ይላል።»

ሻጩ አልዋሸም፤ ቃሉ ሲተረጎም ክረምት ነው። ነገር ግን ካርቶኑ ላይ ያለው ክረምት የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሳይሆን መስታወት ላይ ያደረ ውሃ ወደ በረዶ የሚለወጥበት የውጭ አገር ብርድ ነው። ዕቃውም ለዚያ ብርድ የተሠራ ነው። የብረት አጽሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወፍራም የላስቲክ ከረጢት ለብሷል፤ መጋጠሚያዎቹ መካከል በረዶ ገብቶ እንዳይጋግር። ጣና ዳር መስታወት ላይ የሚጋገር በረዶ የለም። አልፎ አልፎ የሚወርደው የበረዶ ድንጋይም ቢሆን ቆም ብለው የሚያሳልፉት እንጂ በዋይፐር የሚጠረግ አይደለም። ከረጢቱ ግን የበጋው ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃና አቧራ ይገባል፣ አጽሙ ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱንም ማየት አይቻልም። ክብደቱና ስፋቱም ለአሮጌ የዋይፐር ሞተርና ዋይፐሩን ለያዘው የደከመ ክንድ ትርፍ ጭነት ነው። በነጻ ካልተሰጠ በቀር አይገዛም።

እዚህ አገር ዋይፐርን የሚገድለው በጋው ነው፤ ክረምቱ መሞቱን ያሳያል እንጂ አይገድለውም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ብርቱ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት የዋይፐሩ ጎማ ደረቅና ትኩስ መስታወት ላይ አንድ ጎኑን ተጋድሞ ይከርማል። ውሃ የሚጠርገው ጠርዝ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። ሥራውን የሚሠራው በመገለባበጥ ነው፦ ክንዱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጠርዙ ወደ ግራ ይጋደማል፣ ሲመለስ ወደ ቀኝ ይገለበጣል፤ ሁልጊዜም ከኋላ እየተጎተተ ይጠርጋል። ስምንት ወር ሙሉ በአንድ ጎኑ ተጋድሞ የደረቀ ጎማ መገለበጡን ይረሳል። ያን ጊዜ በአንዱ አቅጣጫ ሲጎተት ይጠርጋል፣ በሌላው ጠርዙ ከፊት ሆኖ እየተገፋ ይንቀጠቀጣል። ሰኔ ላይ የሚሰማው «ድር ድር» የሚል ድምፅ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ስለዚህ ሲገዛ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ ዕቃው ለመኪናዬ መስታወት ጉብጠት ይስማማል ወይ? ጎማው ብቻ በየዓመቱ በርካሽ ይቀየራል ወይ?

ገበያው ላይ ያለው ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው የብረት አጽም ያለው የጥንቱ ዓይነት ነው። አንድ ትልቅ ቅስት፣ ከሥሩ ትንንሽ ቅስቶች፣ ጫፋቸው ላይ ጎማውን የያዙ ጥፍሮች። ኃይሉን በስድስት ወይም በስምንት ነጥብ ላይ ስለሚያካፍል ከማንኛውም ጉብጠት ጋር ራሱን ያስማማል። ኮሮላ ዲኤክስን ለመሰሉ አሮጌ ቶዮታዎች፣ ለቆዩ ፒክአፖችና ለአይሱዙ የመጀመሪያ ምርጫችን ይህ ነው። ዋጋው ከሦስቱ ዝቅተኛ ነው፤ ከሁሉ በላይ ጎማው ብቻውን ተስቦ ይወጣል። ጉድለቱ መጋጠሚያዎቹ ናቸው። የከተማው አቧራ ከዝናብ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ፒኖቹ ላይ ሲደርቅ ቅስቱ ይገተራል፤ ያን ጊዜ ዋይፐሩ ሁለቱን ጫፍ ጠርጎ መሐሉን ይተዋል። በፍጥነት ሲነዳም ነፋስ በአጽሙ ሥር እየገባ ያነሳዋል።

ሁለተኛው ፍላት የሚባለው አጥንት የለሹ ነው። ውስጡ አስቀድሞ የጎበጠ የብረት ሞላ አለ፤ መስታወቱ ላይ ሲጫን ቀጥ ይልና ጎማውን እኩል ይጫነዋል። ዝቅ ያለ ስለሆነ ነፋስ አያነሳውም፤ መጋጠሚያ ስለሌለው አቧራ የሚይዝበት ቦታ የለውም። ከፋብሪካ ሲወጣ ፍላት ለነበረው አዲስ መኪና ከዚህ የተሻለ የለም። ችግሩ የሚመጣው «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ ለአሮጌው መኪና ሲሸጥ ነው። የሞላው ጉብጠት የተወሰነ ነው። መስታወቱ ከዚያ በላይ ከጎበጠ ጫፎቹ በአየር ላይ ይቀራሉ፤ ከዚያ በታች ከሆነ መሐሉ አይነካም። ይህን ከመክፈልዎ በፊት ሱቁ በር ላይ ማረጋገጥ ይቻላል፦ ዋይፐሩን ክንዱ ላይ ያስገቡና ወደ መስታወቱ ያውርዱት፤ ከዚያ ከጎን ዝቅ ብለው ይመልከቱ። በጎማውና በመስታወቱ መካከል ብርሃን ከታየ ይመልሱት። ርካሹ ፍላት ሌላም ችግር አለበት፤ ጎማው ለብቻው ስለማይቀየር በየዓመቱ ሙሉው ይጣላል።

ሦስተኛው ሃይብሪድ ነው፦ ውስጡ የብረት አጽም፣ ላዩ ነፋስ የሚመልስ የፕላስቲክ ሽፋን። ሽፋኑ ከረጢት ስላልሆነ ከታች ክፍት ነው፣ ውሃ አያቁርም። በሐሙሲት፣ በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ ወደ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚመላለስ ሰው ተጨማሪው ገንዘብ የሚገባው ነው። በፎገራ ሜዳ ላይ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ነፋሱ የተገለጠ ነው፤ ከፊት ያለው ሲኖትራክ በጎማው የሚወነጭፈው የጭቃ ውሃ አንድ ጊዜ ሲመታ መስታወቱን ሙሉ ይሸፍናል። እዚያ ቦታ ላይ በነፋስ የሚነሳ ዋይፐር አደጋ ነው። በከተማው ውስጥ ከቀበሌ 14 እስከ ፓፒረስ፣ ከዚያም እስከ ቅዳሜ ገበያ ብቻ ለሚነዳ ግን አያስፈልግም።

የጎማው ነገር ከአጽሙ ይበልጣል። ተራው የተፈጥሮ ጎማ ለስላሳ ነው፣ ሲጠርግ ንጹሕ ነው፣ ግን ፀሐይ አይወድም። ግራፋይት የተቀባው ይኸው ጎማ ላዩ ላይ ደቃቅ ጥቁር ዱቄት አለው፤ ዱቄቱ መስታወቱ ላይ እንዲንሸራተት ያደርገዋል፣ መንቀጥቀጥንም ይቀንሳል። ለእኛ ሁኔታ ከዋጋው ጋር ሲመዘን የምንመርጠው ይህን ነው። አንድ ነገር ይወቁ፦ ይህን ጎማ በጣት ሲዳስሱት ጥቁር ይለቃል። ብዙ ሰው «ፎርጅድ ነው፣ ቀለም ይለቃል» ብሎ ይመልሰዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቆሻሻ መስሎት በቤንዚን ይወለውለዋል። ቤንዚኑ ግራፋይቱንም ያጥባል፣ ጎማውንም ያብጠዋል፤ አዲሱ ዋይፐር በዚያው ቀን ይሞታል።

ሲሊኮን ፀሐይን ከሁሉም የተሻለ ይችላል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። መስታወቱ ላይ ስስ ሽፋን እየተወ ስለሚሄድ ውሃው ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይሰበሰባል እንጂ አይዘረጋም። ችግሩ ፍጥነት ላይ ነው። ጠብታው በነፋስ ተገፍቶ ከመስታወቱ የሚለቀው መኪናው በሰዓት ወደ 60 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሄድ ነው። በከተማ ውስጥ ከባጃጅ ኋላ ቀስ እያሉ ሲነዱ ጠብታዎቹ ባሉበት ይቀመጣሉ፤ ማታ ደግሞ እያንዳንዷ ጠብታ የመብራት ኮከብ ትሆናለች። ቅባት ያለበት መስታወት ላይ ሲሊኮን ከተራው ጎማ ይልቅ ይንቀጠቀጣል። ለረጅም መንገድ፣ መስታወቱንም በሥርዓት ለሚያጸዳ ሰው ጥሩ ነው።

በስም ከተሄደ የጀርመኑ ቦሽ ዋይፐር መሥራት የጀመረው በ1926 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ኤሮትዊን የሚባለው ፍላቱ በሰፊው ይታወቃል። የጃፓኑ ዴንሶ በሃይብሪዱ፣ የፈረንሳዩ ቫሌዮ በፍላቱ፣ የጃፓኑ ፒያ በሲሊኮኑ ይጠቀሳሉ። ነገር ግን ታዋቂ ስም በበዛበት ገበያ ማስመሰያውም ይበዛልና ካርቶን አንብቦ ብቻ መግዛት አይበቃም። ዕቃውን በእጅ ይመርምሩት። ጎማውን በጣት ጫፍ ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርገው ይልቀቁት፤ ወዲያው ቀጥ ብሎ ካልተመለሰ ያረጀ ነው። ጠርዙን በብርሃን ፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመልከቱ፤ እንደ ምላጭ ቀጥ ያለ መሆን አለበት፣ የተጨረፈ ወይም የተንጠለጠለ ክር የመሰለ ነገር ካለበት አቆራረጡ መጥፎ ነው። አጽሙን በሁለት እጅ ይዘው ያናውጡት፤ ቅስቶቹ በነጻነት መታጠፍ አለባቸው፣ ወደ ጎን ግን መወላወል የለባቸውም። ከሁሉም በፊት ደግሞ ዕቃው የት እንደተሰቀለ ያስተውሉ። በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ዋይፐር ሳይሸጥ ነው ያረጀው። «ከውስጥ ካለው አምጣልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ልኩ በኢንች ይጻፋል፤ አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። 14 ኢንች 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ 16 ኢንች 40፣ 18 ኢንች 45፣ 20 ኢንች 50፣ 22 ኢንች 55፣ 24 ኢንች 60 ገደማ ይሆናል። የሚለካው የጎማው ርዝመት ነው፣ የአጽሙ አይደለም። መኪናው ላይ ያለው አሮጌ ዋይፐር ልክ ነው ብሎ ማመን ስሕተት ነው፤ ከእርስዎ በፊት የነበረው ባለቤት ያገኘውን ገጥሞበት ሊሆን ይችላል። መስታወቱን አርጥበው ዋይፐሩን አንድ ጊዜ ያስኪዱና የተጠረገውን ቅስት ይመልከቱ። ከዳር እስከ መስታወቱ ክፈፍ ብዙ ቦታ ከቀረ አንድ ኢንች መጨመር ይቻላል። ከዚያ በላይ ከተጨመረ ጫፉ የመስታወቱን ዳር ይመታል ወይም ሁለቱ ይጠላለፋሉ፤ ሞተሩም ይጨነቃል።

ግራና ቀኙ በብዙ መኪና ላይ እኩል አይደለም። መሪያቸው በግራ የሆነ የእኛ መኪናዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙ በሾፌሩ በኩል፣ በግራ ነው። ለጃፓን ገበያ የታሸገ ጥንድ ላይ «የሾፌር ጎን» የሚለው ግን ቀኙን ነው። ጥንዱ ለቪትዝ ተብሎ ሲሸጥልዎ ረጅሙን በሾፌሩ በኩል ማለትም በግራ ይግጠሙ፤ የካርቶኑን ሥዕል ተከትለው በቀኝ አያድርጉ።

አሁን ዋናው የቁጠባ ሥራ፣ ጎማውን ብቻ መቀየር። የሚሸጠው ጎማ በስፋትም ይለያያል፤ ጥፍሮቹ የሚገቡበት ጀርባ 6 ሚሊሜትር ወይም 8 ሚሊሜትር ገደማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፣ ከአዲሱ ጋር ጀርባ ለጀርባ ያስተያዩት። ሰፊው በጥፍሮቹ አያልፍም፤ ጠባቡ ያልፋል፣ ግን መንገድ ላይ ተስቦ ይወጣል፣ ከዚያ የብረቱ ጥፍር መስታወቱን ያርሰዋል።

ዋይፐሩን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። የጎማውን ሁለት ጫፍ ቢያዩ በአንዱ በኩል ብቻ ጎኑ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ የመጨረሻው ጥፍር የተቆለፈው እዚያ ነው። በዚያ ጫፍ ጎማውን በጣት ጨምቀው ጥፍሩን ከጉድጓዱ ያላቁትና ወደዚያው ወደተቆለፈው ጫፍ አቅጣጫ ይሳቡት፤ ሙሉው ይወጣል። በጎማው ግራና ቀኝ ጎን ሁለት ስስ የብረት ዘንጎች ተሰክተዋል። እነዚህን አይጣሉ፤ አዲሱ ጎማ ብዙ ጊዜ ያለ ብረት ነው የሚሸጠው። ሲያወጧቸው ወዴት እንደጎበጡ ያስተውሉ፤ የሁለቱም ጉብጠት ወደ አንድ አቅጣጫ መሆን አለበት፣ ጫፎቻቸው ወደ መስታወቱ እንዲያጎነብሱ። አንዱን ገልብጦ የሰካ ሰው ጎማው ለምን መሐል ላይ እንደሚነሳ ሲፈልግ ይውላል። ዘንጎቹ ላይ ትንሽ ቁርጥ ካለ፣ ቁርጡ ጎማው ውስጥ ካለው ጥርስ ጋር ይገጥማል።

ዘንጎቹን አዲሱ ጎማ ውስጥ ከሰኩ በኋላ ጉድጓድ የሌለበትን ጫፍ ያስቀድሙና በጥፍሮቹ መካከል አንድ በአንድ ያሳልፉት። እያንዳንዱ ጥፍር ጎማውንም ዘንጎቹንም አብሮ መያዙን በዓይን ያረጋግጡ፤ አንዱ ጥፍር ዘንጉን ትቶ ጎማውን ብቻ ከያዘ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይለቃል። መጨረሻ ላይ ጥፍሩ ጉድጓዱ ውስጥ እስኪገባ ይግፉ። ጎማው ከረዘመ በምላጭ የሚቆረጠው ባልተቆለፈው ጫፍ በኩል ነው፤ ከአጽሙ ጫፍ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አሳልፈው ያስቀሩ።

ሙሉውን ዋይፐር ከክንዱ ለማውጣት፣ የብዙዎቹ መኪናዎች ክንድ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው። ክንዱን ያንሡ፣ ወዲያው መስታወቱ ላይ የታጠፈ ፎጣ ያስቀምጡ። ይህ ፎጣ የቅንጦት አይደለም፤ ባዶው ክንድ በሞላው ኃይል ሲመለስ መስታወት ይሰነጥቃል፣ መስታወት ደግሞ ከመቶ ዋይፐር በላይ ያስወጣል። ዋይፐሩን በክንዱ ላይ አግድም ያዙሩት፣ መሐል ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ይጫኑ፣ ዋይፐሩን ወደ ክንዱ ሥር ወደ ታች ይግፉት፤ ከመንጠቆው ይወጣል። አዲሱን መንጠቆው ውስጥ አስገብተው ወደ ላይ ይሳቡት፣ «ቀጭ» እስኪል። ቀጭ ካላለ አልገባም። የኋላ መስታወቱ ዋይፐር የራሱ ዓይነት ማያያዣ አለው፤ ፕላስቲኩ ደርቆ ስለሚሰበር በግድ አይታጠፍም።

አዲስ ዋይፐር ተገጥሞ የማይጠርግ ከሆነ ሌላ ከመግዛት በፊት ክንዱ ይመርመር። የክንዱ ሞላ ይደክማል። የእጅ ሚዛን ያለው ሰው ዋይፐሩ ከክንዱ በሚያያዝበት ቦታ ላይ ሚዛኑን ያንጠልጥልና ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይሳበው፤ ጎማው ከመስታወቱ ሊለቅ ሲል ያለውን ቁጥር ያንብብ። ለአንድ ኢንች ጎማ 28 ግራም ያህል ቢጠበቅ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ለ20 ኢንች ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላል ማለት ነው። ከዚህ በግልጽ ካነሰ መጀመሪያ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጣል አድርገው ክንዱን አሥር ጊዜ ያንሡት፣ ያውርዱት፤ ብዙ ጊዜ ሞላው ሳይሆን ማጠፊያው ነው ዝጎ የተያዘው። የተረፈውን ዘይት በደንብ ይጥረጉ፣ ወደ መስታወቱ እንዳይወርድ። ካልተሻሻለ ክንዱ ይቀየራል። ሞላውን አሳጥሮ ማሰር ጫናውን ከልክ በላይ ያደርገዋል፤ ጎማው ይጨፈለቃል፣ ሞተሩ ይሞቃል።

ሁለተኛው የክንድ ችግር መጣመም ነው። ላቫጆ ላይ ክንዱ ተይዞ ሲጎተት፣ ወይም ዋይፐሩ ሥር ወረቀት ሲሰካ በጥቂቱ ይጠማዘዛል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ አዲስ ጎማ ቢደረግም አይተውም። ዋይፐሩን አውጥተው የክንዱን ጫፍ ከመስታወቱ ጋር ያስተያዩ፤ ጠፍጣፋው ከመስታወቱ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ካልሆነ ፒንሳውን በጨርቅ ጠቅልለው ጫፉ አካባቢ በጥቂት በጥቂቱ ይመልሱት፣ እየሞከሩ።

የሌሎቹ ምልክቶች ፍቺ ይህን ይመስላል። ክር የመሰለ አንድ ቀጭን የውሃ መስመር ከቀረ ጠርዙ ላይ ቆሻሻ አለ ወይም ተቆርጧል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ካልሄደ ጎማው ይቀየር። በሁለቱም አቅጣጫ ከተንቀጠቀጠ መስታወቱ ቅባት አለው። ከዋይፐሩ ኋላ ጭጋግ የመሰለ ነገር ተከትሎ በአንድ አፍታ የሚጠፋ ከሆነም ያው ቅባት ነው። ጭጋጉ በዋይፐር ጨርሶ የማይነካ ከሆነ ደግሞ ከውስጥ ነው፤ በዝናብ ጊዜ መስኮት ተዘግቶ የሰው ትንፋሽ መስታወቱ ላይ የተኛ ነው። አየሩን ወደ ፊት መስታወት ያዙሩ፣ ኤሲ ካለ ያብሩ፣ የውስጡን አየር የሚያዞረውን ቁልፍ ይዝጉ። በዚህ ምክንያት ብቻ ዋይፐር የሚቀይር ሰው ብዙ ነው።

የቅባቱ ምንጭ የናፍጣ ጭስና ላቫጆ ነው። ዳሽቦርድና የመኪና እግር ጎማ የሚያሳምሩበት ቅባት የነካው ጨርቅ መስታወቱንም ከጠረገው ለሳምንት አይለቅም። ማታ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ከፊት የሚመጣው መብራት በመስታወቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ከተዘረጋ ይህ ነው። መስታወቱን መጀመሪያ በብዙ ውሃ አቧራውን ያውርዱ፤ በደረቁ ማሸት መፋቅ ነው። ቀጥሎ በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይጠቡ፣ ያለቅልቁ። ከዚያ አንድ እጅ አቼቶ ከሦስት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ቅባቱ ካልለቀ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል ያስለቅቀዋል። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይጠቀሙ፣ ያልሟሟው ፍሬ ይፍቃል። መጨረሻ ላይ ንጹሕ ውሃ ያፍስሱበት፤ ውሃው ወጥ ሆኖ ከተዘረጋ ንጹሕ ነው፣ እዚህም እዚያም ከተሰባሰበ ገና ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሲጥሉ ደግሞ አሸን ይፈላል። ማታ በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ መብራት የሳበው አሸን መስታወቱን ሲመታ ሰውነቱ ቅባት ነው፣ ክንፉ ደግሞ ጎማው ጠርዝ ሥር ይሰካል። ወዲያው ዋይፐር ማስነሣት ነገሩን ያባብሳል፤ ቅባቱ ከዳር እስከ ዳር ይለጠፋል። መጀመሪያ ውሃ በብዛት ይርጩ፣ ከዚያ ያስነሡ። ቤት ሲደርሱ ጎማውን አንሥተው በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ይሳቡት፤ ጨርቁ ላይ የሚወጣውን ክንፍ ሲያዩ ለምን መስመር ይጥል እንደነበር ይገባዎታል።

መርጫው ዕቃ ውስጥ የሐይቅ ውሃ አይጨመርም፤ በውስጡ ያለው አልጌና ደለል ቀዳዳውን ይደፍናል። የተጣራ ውሃ፣ በሊትር ጥቂት ጠብታ የዕቃ ሳሙና። ሳሙናው ከበዛ አረፋ ይሆናል፣ ሲደርቅም ቱቦው ውስጥ ይጋገራል። ከውጭ የሚመጣው እንዳይቀዘቅዝ የሚከላከለው ፈሳሽ እዚህ ጥቅም የለውም። የተደፈነ ቀዳዳ በመርፌ ይከፈታል፤ አቅጣጫውም በዚያው መርፌ ይስተካከላል፣ ውሃው ከመስታወቱ መሐል ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲያርፍ።

በከተማው ጎዳናዎች ካሉት ዛፎች ሥር የሚያቆም ሰው ኮፈኑን ከፍቶ በመስታወቱ ግርጌ ያለውን ቦይ ከሰኔ በፊት ያጽዳ። ቅጠል ከደፈነው ውሃው መውጫ አጥቶ በዋይፐሩ መገጣጠሚያ ላይ ይቆማል፤ ቡሾቹ (መዞሪያው ውስጥ ያሉት ቀለበቶች) ይበላሉ፣ ክንዶቹ ይላላሉ፣ አንዱ ሌላውን መምታት ይጀምራል።

ባጃጅ ላይ መስታወቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ርካሹ ባለ ብረት አጽም በቂ ነው፤ እዚያ የሚያስቸግረው ዋይፐሩ ሳይሆን የተፋቀው መስታወት ነው፣ እሱን ደግሞ የትኛውም ጎማ አያድነውም። አባዱላና አይሱዙ መስታወታቸው ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፣ ጎማውም ረጅም፤ የክንዱ ሞላ ከሁሉ በፊት እዚያ ይመርመር።

ሁሉም ተገጥሞ ካለቀ በኋላ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ፈተና አለ። የመኪናውን ሞተር ያስነሡ፣ መስታወቱን እያረጠቡ ዋይፐሩን በፈጣኑ ያድርጉ፣ ስልክዎ ላይ አንድ ደቂቃ ይዘው ሄዶ መመለሱን ይቁጠሩ። ቢያንስ 45 ሊሆን ይገባል። ካነሰ ዋይፐሩ ምንም ጥራት ቢኖረው የነሐሴን ዝናብ አይቀድመውም። መገጣጠሚያው ዝጓል፣ ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው የመሬት ሽቦ ላልቷል፣ ወይም የዋይፐሩ ሞተር ደክሟል፤ በዚህ ቅደም ተከተል ይፈለግ። ፊውዙ ተደጋግሞ ከተቃጠለ በትልቅ አይተካ፣ ሞተሩ ነው የሚቃጠለው።

ጥቅምት ሲገባ ጥሩውን ጎማ ከመኪናው ያውጡት። በውሃ አጥበው፣ በጥላ አድርቀው፣ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ በካርቶን ውስጥ ጨለማ ቦታ ያስቀምጡ፤ በቦታው ያለፈውን ዓመት አሮጌ ይግጠሙ፣ ባዶ ክንድ መስታወት ላይ እንዳይቀር። አሮጌው የበጋውን ፀሐይ ይቀበላል። ግንቦት ማብቂያ ላይ የተቀመጠውን አውጥተው በጣት ገፋ ያድርጉት፤ ቀጥ ብሎ ከተመለሰ ሁለተኛ ክረምት ይሠራል።